አንድ ጆግ ለማነጻጸሪያው

በመንደር 43 በርጭት ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ማንም ከቤቱ አይወጣም። ከውሃው ታንከር አናት ላይ ያለው ጡሩንባ ሁለት ጊዜ ይነፋል። በመጀመሪያው ልብስ ከገመድ ላይ ይነሳል፣ ጀሪካን ይከደናል፣ ዶሮ ተቆጥሮ ይገባል። በሁለተኛው መስኮት ይዘጋል። ከዚያ ስድስቱ ንቦች ከታንከሩ ስር ይነሱና አርባውን ማሳ ከቁጥር አንድ ጀምረው ጉም ያለብሱታል። ንብ የተባሉት ስለሚያንጎራጉሩ ነው እንጂ እያንዳንዳቸው የበር ሳንቃ ያህላሉ። ቅጠል አፉን የሚከፍተው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ርጭቱም በዚያ ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው ቅጠል ከደረቀ በኋላ ነው። ሰርግ የሚደገሰው ፍሬ ከቋጠረ በኋላ ነው። ሰውና ሰው ሲገናኝ አንዱ "ቅጠሉ እንዴት አደረ?" ይላል፤ ሌላው "ጠጥቶ አደረ" ይላል፤ ስለ ልጅና ስለ ጤና የሚጠያየቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ አፈሩ ማንም አያነሳም። አፈር ማለት አኩሪ አተር እንዳይወድቅ የሚቆምበት ቦታ ነው ብለው የሚያምኑ ልጆች አሉ፤ ብዙም አልተሳሳቱም። የሸለቆው አፈር ከደከመ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ተክሉ የሚመገበው ንቦቹ በሚረጩት መድኃኒት፣ በቅጠሉ በኩል ነው። መንደሮቹ በቁጥር የሚጠሩት ቅድመ አያቶቻቸው ከወሎና ከሐዲያ በሰፈራ ሲመጡ ስም ለማውጣት ጊዜ ስላልተገኘ ነው፤ በኋላም አልተገኘም።

ሶፊያ ይማም የመንደሩ ቅጠል አንባቢ ናት። አሥራ አንድ ዓመት አንብባለች። በየአሥር ቀኑ፣ ጉሙ ከደረቀ በኋላ፣ መቆንጠጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ አርባውን ማሳ ትዞራለች። በአንድ ማሳ ሠላሳ ተክል፣ በአንድ ተክል አንድ ቅጠል፤ እሱም ከላይ ሦስተኛው። ሁለተኛው ገና ሕፃን ነው፣ አራተኛው ያረጀ ነው፤ ሁለቱም እውነቱን አይናገሩም። መቆንጠጫው ቅጠሉን ነክሶ አረንጓዴነቱን በቁጥር ያወጣል፤ ሶፊያ በእርሳስ ትጽፋለች፣ እስክሪብቶ በረጠበ ወረቀት ላይ ይፈስሳልና። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አራተኛ ቅጠል አንብባ አታውቅም። በዚህ አትኮራም ማለት ውሸት ነው።

አንብባ ስትጨርስ በየቤቱ በር ላይ ያለው ሰሌዳ ይቀየራል። ሰሌዳው የሚያሳየው የማሳውን ንባብ ሳይሆን ንባቡ ከማነጻጸሪያው በስንት እንደሚበልጥ ነው። ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚታየው ያ ቁጥር ነው። በስብሰባ ማን ቀድሞ እንደሚናገርም የሚታወቀው በእሱ ነው። እንዲህ ይሁን ብሎ የደነገገ ግን የለም።

ማነጻጸሪያው የአቶ ጥጋቡ ማሳ ነው፤ ቁጥር 27። መድኃኒቱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማወቅ መድኃኒት የማይቀምስ አንድ ማሳ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በየሰባት ዓመቱ በታንከሩ ጥላ ስር ዕጣ ይወጣል። የቅጠል አንባቢ ቤት ዕጣ ውስጥ አይገባም። ዕጣው ለደረሰው ቤት ስድስተኛው ንብ ንጹህ ውሃ ብቻ ይረጭለታል። አይራብም፤ በመኸር ጊዜ የመንደሩ አማካይ ምርት ተሰፍሮ ይሰጠዋል። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ዜሮ ነው። የአቶ ጥጋቡን ልጅ ትርንጎን ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ጠይቋት ሁለት ጊዜ ቀርቷል። ሦስተኛዎቹ ሽማግሌዎች ዕጣው ይለፍና እንመጣለን ብለዋል። ዕጣው ስድስት ሳምንት ያህል ቀርቶታል።

ነሐሴ አሥራ ሁለት ቀን ሶፊያ በማሳ 27 ሠላሳኛውን ቅጠል ቆነጠጠች፣ ደመረች፣ አካፈለች። እንደገና ደመረች። 41.2 ነው። የመንደሩ አማካይ 41.3 ነበር።

አቶ ጥጋቡ ከዳር ቆመው ያዩዋታል። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ባርኔጣቸውን ለቅጠል አንባቢ የሚያነሱ ሰው።

"ስንት አልሽ ልጄ?"

"ዜሮ ነጥብ አንድ ነው ልዩነቱ፣ ጋሽ ጥጋቡ።"

"እሰይ! ቀረብናቸዋ።"

"አይቀረብም እኮ። ውሃ ጠጥቶ አይቀረብም። ያለፈው ዜሮ ነጥብ ሦስት ነበር። ከሃያ ቀን በፊት ዜሮ ነጥብ አራት።"

"ታዲያ ምን ልበልሽ? ቅጠሉን አልመክረው።"

ሶፊያ መሬቱን አየች። በፈሮቹ መካከል የሰው ኮቴ አለ፤ የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ የጎማ ጫማ፣ አንዱ ባዶ እግር፣ አንዱ የሴት ነጠላ ጫማ። አቶ ጥጋቡም ኮቴውን አዩ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወደ ሰማይ አዩ።

"ዝናብ ያለ ይመስልሻል?" አሉ።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ልዩነቱ በሦስት ተከታታይ ንባብ ከአንድ ነጥብ በታች ከሆነ አንባቢው ቅጽ አራትን ይሞላል። ቅጹን ይዞ ጥናቱን ከሚመራው ማዕከል የመጣው ናትናኤል የሚባል ወጣት ነው። ጫማው ንጹህ ነበር፤ እስኪሄድም ንጹህ ሆኖ ቆየ። ወረቀቱን በታንከሩ ስር ባለው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋላት።

"ሦስት ሳጥን አለው፤ በአንዱ ምልክት ያደርጋሉ። ሀ፣ ስርቆት። ለ፣ የመለኪያ ስህተት። ሐ፣ ልዩነት የለም።"

"ሀ ከሆነ?"

"ማነጻጸሪያው መድኃኒት ሰርቋል ማለት ነው። ማሳውን ይለቃል፤ ቤተሰቡም ከመንደሩ ይወጣል።"

"ለ ከሆነ?"

"አንባቢው ይቀየራል።" ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ "የእርስዎን መዝገብ አይቻለሁ፤ እሱን አልጠብቅም" አለ።

"ሐስ?"

"ሐ ከሆነ መድኃኒቱ አልጠቀመም ማለት ነው። ጥናቱ ይዘጋል።"

ሶፊያ የተዘጋ ጥናት አይታለች። መንደር 39 ሲዘጋ መጀመሪያ ንቦቹ ተነሱ። በሁለተኛው ሳምንት የውሃው ቧንቧ ከመሬት ተቆፍሮ ወጣ፤ የጥናቱ ንብረት ነው። በወሩ ሰዎቹ ሄዱ። ትምህርት ቤቱ አሁን የጉሬዛ ነው።

"በሌሎች መንደሮችም የታየ ነገር ነው" አለ ናትናኤል። "ብዙውን ጊዜ ሀ ነው። ለጠርዝ ለየቤቱ ከሚሰጠው አሥር ሊትር ላይ ይወሰዳል። አምስት ቀን አለዎት።"

ንቦቹ የማይደርሱበት የማሳ ጠርዝ አለ፤ ለእሱ እያንዳንዱ ቤት በርጭት ቀን አሥር ሊትር ከታንከሩ ተቀድቶለት በእጁ ይረጫል። ለማሳ 27 ብቻ አይሰጠውም። ናትናኤል ከመሄዱ በፊት በታንከሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፦ በማሳ 27 የመድኃኒት ስርቆት ጥርጣሬ ስላለ መረጃ ያለው ለቅጠል አንባቢዋ ያሳውቅ።

በማግስቱ መረጃ ያለው ሰው መምጣት ጀመረ።

መጀመሪያ ሐጂ ሙሄ መጡ፤ የአቶ ጥጋቡ ጎረቤት ናቸው፣ ማሳ 26።

"ቅጠሉ እንዴት አደረ?"

"ጠጥቶ አደረ፣ ሐጂ።"

"ደግ፣ ደግ።" ተቀመጡ። ተነሱ። በሩን ዘጉት። "የጥጋቡ ነገር... እኔ ነኝ።"

"ምኑን ነዎት?"

"ዘንድሮ ሁለት ጆግ። አምና ሦስት። ሰውዬው ጎረቤቴ ነው፤ እኔ ማሳ መድኃኒት እየዘነበ እሱ ማሳ ውሃ ሲረጭ ቆሜ ልየው? ምን ይሉኛል? ከጠርዙ ቀንሼ በማለዳ አፈሰስኩለት። ይኼን ያህል ያፋፋዋል ብዬ አልገመትኩም። እንግዲህ ለማንም እንዳትነግሪ።"

ሶፊያ ጻፈች፦ ሁለት ጆግ።

እትዬ ባዩሽ ከሰዓት በኋላ መጣች፤ ገና ደጅ ላይ ሆና ታለቅሳለች። "አንድ! አንዲት ጆግ ብቻ! በፍልሰታ፣ ለነፍሴ ብዬ! ጉድ አደረግሁት አይደል?" ላምቤቦ የሚባለው የማሳ 31 ባለቤት ጆጉን ራሱን ይዞ መጣ፤ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠውና "በዚህ ነው" አለ። "አራት። እኔን ክሰሺኝ፤ ሽማግሌው ምንም አያውቅም። ብቻ ሚስቴ እንዳትሰማ።" ሚስቱ ከእሱ በፊት መጥታ ሄዳለች። የእሷ ሦስት ነበር።

ሁሉም ብቻውን ያደረገው ይመስለዋል። ሁሉም በሩን ይዘጋል። የማሳው ንባብ የወጣው በእሱ ጆግ እንደሆነ ሁሉም እርግጠኛ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም በደለኛ ነው፤ ስለዚህ በአደባባይ የሚናገር የለም። በሦስተኛው ቀን ሃያ ሦስት ሰው መጥቶ ነበር።

ራት ላይ ባሏ ኑርዬ እንጀራውን ጠቅልሎ ሳይጎርስ ያዘው።

"አምስት" አለ።

"አምስት ምን?"

"ጆግ።"

ሶፊያ አየችው። "ከእኛ ጠርዝ? የእኔ ማሳ እኮ የአንባቢ ማሳ ነው! ንባቡን እንደሚያበላሽ አታውቅም?"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።" ጎረሰ። "ከመንደሩ ያልሰጠሽው አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አትቀሪም፣ ሶፊ።"

አልሰጠችም። ማነጻጸሪያ ላይ ጆግ ማፍሰስ ሚዛን ላይ ጣት መጫን ነው። ትክክል እንደነበረች ታውቃለች፤ የዚያን ማታ ግን ራቷን ሳትጨርስ ተነሳች።

በአራተኛው ቀን ቁጭ ብላ አሰላች። ሃያ አራት ሰው፣ ሰባ አንድ ጆግ፤ አንድ ጆግ አንድ ሊትር። ንቦቹ በአንድ ማሳ ላይ በክረምቱ ሙሉ የሚያዘንቡት ዘጠኝ መቶ ሊትር ነው። መድኃኒቱ ሙሉውን ሲሰጥ ንባቡን በስድስት ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ሰባ አንድ ሊትር እንግዲህ ግማሽ ነጥብ አይሞላም። ያልመጡትንም ጨምራ አሰላች፤ አንድ ነጥብ አልሞላም። የቀሩት አምስት ነጥቦች በጆግ አልመጡም።

ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነገር ከዓመታት በፊት ማድረግ የነበረባት መሆኑን ራሷም አልካደችም። የድሮ ደብተሮቿን አወጣች። ማዕከሉ የሚጠይቃት ልዩነቱን ብቻ ስለሆነ በየዓመቱ የምታየው ልዩነቱን ብቻ ነበር። አሁን የማሳ 27ን ንባብ ብቻውን በአንድ መስመር ጻፈችው፣ የሰባት ክረምት፦

41.2፣ 40.9፣ 41.4፣ 41.0፣ 41.1፣ 41.3፣ 41.2።

ከስሩ የመንደሩን አማካይ ጻፈች፦

47.1፣ 47.0፣ 47.2፣ 45.6፣ 44.1፣ 42.6፣ 41.3።

እርሳሷን አስቀመጠች። አቶ ጥጋቡ አልወጡም። ሰባት ዓመት ሙሉ ባሉበት ናቸው። የወረደው መንደሩ ነው።

በማግስቱ ማለዳ፣ አምስተኛው ቀን ነው፣ ጉሙ እንደ ደረቀ ወደ ሐጂ ሙሄ ማሳ ሄዳ ሦስተኛውን ቅጠል ቀጥፋ ወደ ፀሐይ ያዘችው። መድኃኒት ሲደርቅ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ ቀለበት ይተዋል፤ ጨው ጨው ይላል። ድሮ የመንደሩ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ቅጠል እየላሱ ነበር፤ እናቶች በዱላ ያባርሯቸው ነበር። ካቆሙ ሁለት ሦስት ዓመት ይሆናቸዋል። ሶፊያ ሥርዓት የያዙ መስሏት ነበር።

ቅጠሉን ላሰችው። ቅጠል ቅጠል ይላል።

ጋሽ ዴሌቦ የንቦቹ ሹፌር ናቸው፤ ሹፌር የሚባሉት ንቦቹን ስለሚሞሏቸውና ስለሚያጥቧቸው ነው። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ቀልድ ይወዳሉ። ከታንከሩ ስር የስድስተኛውን ንብ አፍንጫ በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋሉ።

"ጋሽ ዴሌቦ፣ በርሜሉን ይክፈቱልኝ።"

"ምን ልታደርጊው?"

"ላሽትተው።"

ብሩሹ ቆመ። ድሮ በርሜሉ ሲከፈት ሽታው እስከ ወፍጮ ቤቱ ይደርስ ነበር፤ የበሰበሰ ዓሣ የሚመስል። ጋሽ ዴሌቦ ክዳኑን አነሱት። ሶፊያ አጎነበሰች። በርሜሉ ውስጥ የራሷን ፊት አየች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አንድ ጊዜ አይደለም። በአራተኛው ዓመት ሩቡን ቀነሱ፣ በአምስተኛው ግማሹን፣ በስድስተኛው ሦስት ሩቡን። ዘንድሮ ይኸው ነው።" ከኪሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ሰጧት። የአሥር መንደሮች ዝርዝር ነው። ከዘጠኙ አጠገብ የበርሜል ብዛት ተጽፏል። ከመንደር 43 አጠገብ አንድ ቃል ብቻ አለ፦ ማነጻጸሪያ።

"እነሱም በማዕከሉ ዕጣ ነው ያወጡት" አሉ ጋሽ ዴሌቦ። "ካወቃችሁ ይበላሻል ተባልኩ። ፈርሜያለሁ።"

ሶፊያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "መንደሩ ማነጻጸሪያ ከሆነ የጋሽ ጥጋቡ ማሳ ምንድን ነው?"

"እሱ የማነጻጸሪያው ማነጻጸሪያ ነዋ።"

"ስድስተኛው ንብስ?"

"እሱም ውሃ ነው። አምስቱም ውሃ ናቸው። እኔ ግን ስድስተኛውን ለብቻው አጥበዋለሁ፤ ደንቡ አልተቀየረም።"

"ጋሽ ዴሌቦ! ሰውዬውን በስርቆት ሊያባርሩት ነው እኮ! ውሃ ሰረቀ ብለው!"

"ምን ላድርግ ልጄ? ለልጁ ለናትናኤል ልንገረው? እሱ አያውቅም። የሚያውቅ ሰው ወደዚህ አይልኩም።"

"ሐ ላይ ምልክት ባደርግስ? ልዩነት የለም ብል? እውነቱ እኮ እሱ ነው።"

ጋሽ ዴሌቦ ብሩሹን አራገፉ። "ቅጹን የሚያነበው ክፍል ይኼን አያውቅም። ይኼን የሚያውቀው ክፍል ቅጹን አያነብም። ሐ ስትይ ቧንቧው ይነቀላል። መንደር 39 ምን አድርጎ ነበር መሰለሽ? አንባቢው ሐቀኛ ነበር።"

ከዚያ ወደ ማሳ 27 ሄደች። አቶ ጥጋቡ ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ ዕቃ ሲያስሩ ነበር፤ ሁለት ማዳበሪያ ጆንያ ልብስ፣ አንድ ሳጥን። ትርንጎ በር ላይ ተቀምጣ ሳጥኑ ላይ ገመድ ታጠብቃለች፤ ፊቷን አላነሳችም።

"ጋሽ ጥጋቡ፣ ማሳዎ ላይ ጆግ የሚያፈሱትን ያውቋቸዋል?"

"የት አይቼ?"

"ኮቴ ያያሉ።"

"ኮቴ ስም የለውም።"

"ስማቸውን ቢነግሩኝ ስርቆቱ ከእርስዎ ላይ ይነሳል።"

ሽማግሌው ከጆንያው ላይ ቀና አሉ። "እንዴት ብዬ? ሰው በማለዳ ተነስቶ፣ ከማሳው አፍ ነጥቆ፣ ተደብቆ ሲያመጣልኝ ቆይቶ፣ አሁን እከሌ ነው ልበል? እንዳታመጡ ብላቸው እንኳ ይቀየሙኛል ብዬ ሰባት ዓመት እንቅልፍ የያዘኝ መስዬ ተኛሁ። አንቺ ሀ የሚለው ላይ አድርጊበት። እኔ አርጅቻለሁ፤ የትም አፈር አለ።"

"ሽማግሌዎቹስ?" አለች ትርንጎ፣ ገመዱን እንደያዘች።

ሶፊያ ቅጹን የሞላችው እዚያው፣ ሳጥኑ ላይ ነው። በእርሳስ አይሞላም፤ እስክሪብቶ ተበደረች። ለ ላይ ምልክት አደረገች። ከስሩ "የስህተቱ ዝርዝር" የሚል ባዶ መስመር አለ። ብዙ ቆየችበት። ትርንጎ ወረቀቱ ላይ ችግር ያለ መስሏት ተጠጋች።

ሶፊያ ጻፈች፦ "አንባቢዋ በማሳ 27 ሦስተኛውን ቅጠል፣ በሌሎቹ ማሳዎች ግን አራተኛውን አንብባለች።"

ፈረመችበት። ፊደሉ ከሌላው ጊዜ ከፍ ከፍ ያለ ነበር።

ናትናኤል ቅጹን ሲያነብ ቅንድቡን አነሳ። "አራተኛውን? እርስዎ?"

"እኔ።"

"አሥራ አንድ ዓመት?"

"ዘንድሮ ነው። ዓይኔ ደከመ።"

መስከረም አሥራ ሰባት ቀን መንደሩ በታንከሩ ጥላ ስር ለዕጣ ተሰበሰበ። አርባ ጥቅልል ወረቀት በላምቤቦ ጆግ ውስጥ ነበር፤ የሶፊያም ዘንድሮ ገብቷል፤ አንባቢ አይደለችምና። ናትናኤል ጆጉን ሲነቀንቅ ሶፊያ እጇን አነሳች።

"በፈቃዱ የሚሆን ካለ ዕጣ አይወጣም ይላል ደንቡ። እኔ እሆናለሁ።"

ኑርዬ ክንዷን ያዘ። "ሰው በስለት ዕጣ ይሸሻል፤ አንቺ ታስቆሚዋለሽ? ዜሮ እኮ ነው! ሰባት ዓመት!"

"አውቃለሁ።"

"ምን አስበሽ ነው?"

ልትነግረው አልቻለችም። ያሰበችው ይኼን ነው፦ ዕጣው ለማንም ቢደርስ በሚመጣው ነሐሴ ልዩነቱ እንደገና ዜሮ ይሆናል፤ እንደገና ቅጽ አራት ይመጣል፤ እንደገና አንድ ሰው ሌባ ይባላል። ከማነጻጸሪያው ይልቅ መንደሩን ከፍ ማድረግ የሚችል ሰው የለም። ማነጻጸሪያውን ዝቅ ማድረግ ግን ይቻላል። የቅጠል ንባብን ዝቅ ማድረግ ከፍ ከማድረግ ይቀላል፤ በትክክል ስንት ዝቅ ማድረግ እንደሚያስፈልግ የሚያውቀው ደግሞ በመንደሩ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው።

"እንዲያው በዓይኔ ድካም ስላበላሸሁት ነው" አለች። "ልካስ ብዬ።"

ሐጂ ሙሄ ተነስተው መረቋት። እትዬ ባዩሽ አለቀሰች። ሶፊያ ምርቃቱን ተቀብላ ተቀመጠች፤ የማይገባትን ነገር ስትቀበል የመጀመሪያዋ ነበር፣ ቆጠራው ግን ገና መጀመሩ ነው።

ትርንጎ በጥር አገባች፤ እዚያው መንደር፣ ማሳ 8። መቆንጠጫው የተሰጠውም ለእሷ ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ሶፊያ ማሳቸውን ስታነብ ከኋላ ከኋላ ስትከተል ሳታስበው ተምራዋለች። ሶፊያ ያስጨነቀቻት በአንድ ነገር ብቻ ነው።

"ስንተኛው ነው?"

"ሦስተኛው፣ እትዬ ሶፊያ። ኧረ ስንቴ ትጠይቂኛለሽ?"

በቀጣዩ ክረምት መንደሩ በሙሉ ሰኔ አሥር ሲዘራ ሶፊያ ሰኔ ሃያ ሁለት ዘራች፤ ፈሩንም አጠጋግታ፣ ተክል በተክል ላይ ጥላ እንዲጥል አደረገችው። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትርንጎ የሶፊያን ማሳ፣ ቁጥር 12ን፣ አንብባ ስትጨርስ ከንፈሯን ነከሰች።

"ሠላሳ ሰባት ነጥብ አንድ ነው። አዝናለሁ፣ እትዬ ሶፊያ።"

ሶፊያ በልቧ ያሰበችው ሠላሳ ሰባት ነበር። "ዜሮ ነጥብ አንድ ሳትኩ" አለች፣ ለራሷ።

የዚያን ዕለት በየበሩ ያለው ሰሌዳ ወደ አራት ወጣ። መንደሩ ደስ አለው። መድኃኒቱ ዘንድሮ በርትቷል ተባለ። ማዕከሉ የምስጋና ደብዳቤ ላከ። ጋሽ ዴሌቦ ደብዳቤውን በታንከሩ ላይ ለጠፉት፤ ስድስተኛውንም ንብ ለብቻው አጠቡት።

በማግስቱ የርጭት ቀን ነበር። ጉሙ አልፎ መስኮት ሲከፈት ሶፊያ ከጓሮዋ የኮቴ ድምፅ ሰማች። በበሩ ስንጥቅ አየች። ሐጂ ሙሄ በጣቶቻቸው እየተራመዱ ጆግ ይዘው ከፈሩ ገብተዋል። እሳቸው ሲወጡ እትዬ ባዩሽ በሌላው ጥግ ገባች። ከእሷ በኋላ ላምቤቦ፤ ከላምቤቦ በኋላ ሚስቱ። ኑርዬ አልጋ ላይ ሆኖ ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

"ተኝተሻል በይ" አለ። "ይቀየማሉ።"

ሶፊያ ግን የመጨረሻውን ሰው ስታይ በሩን ከፈተች። አቶ ጥጋቡ ነበሩ። ባርኔጣቸውን በአንድ እጅ፣ ጆጋቸውን በሌላው ይዘው ቆመው ቀሩ፤ እንደተያዘ ልጅ። በሰባት ዓመት ውስጥ ከታንከሩ የተቀዳላቸው የመጀመሪያው አሥር ሊትር ነው። ከእሱ ላይ የቀነሱት መጀመሪያ ለእሷ ነው።

"አየሽኝ እንዴ" አሉ።

"አየሁዎት፣ ጋሽ ጥጋቡ።"

"በቃ ካየሽ አየሽ።" ወደ ፈሩ አጎነበሱ። እንደ ሌሎቹ አላፈሰሱትም። በጭብጣቸው እየጨለፉ በእያንዳንዱ ተክል ላይ ከላይ ሦስተኛውን ቅጠል ብቻ፣ አንድ በአንድ አረጠቡት። ጊዜ ወሰደ። ሶፊያ ከጎናቸው ቆመች። ውሃው በቅጠሉ ላይ ተንከባለለ፣ በጠርዙ ተንጠለጠለ፣ ፀሐይ አገኘችው፣ ደረቀ። ነጭ ቀለበት አልተወም።

ሽማግሌው ጆጉን ገልብጠው የመጨረሻዋን ጠብታ አራገፉና ቀና አሉ። ዓይናቸው ደካማ ነው፤ ቅጠሉን ያዩታል እንጂ አይለዩትም።

"ጠጣ?" አሉ።

ሶፊያ ቅጠሉን ከስር ገልብጣ አየች፣ እንደሚገባ፣ ሳትቸኩል።

"ጠጥቷል፣ ጋሽ ጥጋቡ" አለች። "ጥርግ አድርጎ ጠጥቷል።"